ባዶው ኩላብ

ክንዱ የተመሰገነ አንድ ፈረሰኛ ነበረ። ከወንዙ ወዲህም ሆነ ከወንዙ ማዶ፣ በፈረስ ጉግስ እንደሱ ዘንግ የሚወረውር ሰው አልነበረም። ፈረሱ ድንገት ይባል ስለነበር ሰው ሁሉ እሱን «አባ ድንገት» እያለ ይጠራው ነበር፤ በክርስትና ስሙ የሚጠሩት ንስሐ አባቱ ብቻ ነበሩ። ይህ ሰው እያረጀ ሄደ።

ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ ልጄ። በእጅ ኳስ ቡድናችሁ ውስጥ ለብዙ ዘመን ግብ ሲያስቆጥርላችሁ የኖረው ሰው ክንዱ ደክሟል። የጎረቤት ከተማው ቡድን ደግሞ እሱን ስጡንና በምትኩ አንድ ብርቱ ወጣት እንሰጣችኋለን ብሏል። እንስጠው ወይስ እናቆየው ነው ያልኸኝ። እኔ ስለ እጅ ኳስ የማውቀው ኳሱ በእጅ እንደሚያዝ ብቻ ነው። ስለ አባ ድንገት ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ስለዚህ ተናግሬ እስክጨርስ ድረስ ፊቴን አትየኝ፤ እዚያ መስኮት ላይ ተመልከት።

ጉግስ አይተህ ታውቅ እንደሆነ እንጃ። አንደኛው ወገን በፈረስ ይሸሻል፣ ሌላው ወገን ዘንጉን ይዞ ያሳድዳል። አሳዳጁ ሲወረውር ሸሺው ፊቱን ዞር አድርጎ በጋሻው ይመክታል። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ሁለቱ መንደሮች በየዓመቱ በጥምቀት ማግስት በመስኩ ላይ ይገናኛሉ፤ ያሸነፈው ወገን ዓመቱን ሙሉ በገበያው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፣ የተሸነፈው ደግሞ ሲያዩት ጨው ብቻ ገዝቶ ቶሎ ይመለሳል።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበረ። ፈረሰኛ የሚጋልበው ለተወለደበት መንደር ሳይሆን ጋሻው ለተሰቀለበት መንደር ነው። ሴት ልጅ ልታገባ ስትል ከቤቷ ግድግዳ ላይ ኩላብ፣ ዕቃ የሚሰቀልበት የእንጨት ችካል፣ ታስተክላለች። ሙሽራው ገብቶ ጋሻውን በዚያ ኩላብ ላይ ይሰቅላል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚያ መንደር ሰው ነው፤ በወንድሙ ላይም ቢሆን ይጋልባል። ስለዚህ አንድን ፈረሰኛ ከመንደር ወደ መንደር ማዛወር የፈለገ ሽማግሌ ሌላ ዘዴ አያስፈልገውም። ሚስት ይፈልግለታል።

በአባ ድንገት መንደር አንዲት መምህርት ነበረች። ከሩቅ ከተማ ተመድባ የመጣች፣ የተማረች፣ ግን ዓይናፋር ሴት ናት። ሰሌዳ ፊት ስትቆም አንደበቷ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ከተቀመጡበት ስትደርስ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ ሰላምታዋም ከነጠላው ሳይወጣ ይቀራል። ትኖር የነበረው እትዬ ሙላቷ በሚባሉ ባልቴት ግቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። እትዬ ሙላቷ ወሬ ካለበት የማይጠፉ፣ ሰው የሚወዱ፣ ምሥጢር ግን ሆዳቸው የማይቀመጥላቸው ሴት ነበሩ።

መምህርቷ በመጣችበት ዓመት ጉግስ ለማየት ከተማሪዎቿ ጋር ወደ መስኩ ወረደች። አባ ድንገት ያን ጊዜ ብርቱ ነበረ። ከማዶ መንደር አንዱን ፈረሰኛ አሳድዶ ወረወረ፤ ዘንጉ ከጋሻው በላይ አልፎ ሰውዬውን ትከሻው ላይ መታው፤ ሰውዬው ወደቀ። ሰዉ በእልልታና በሆታ ተነሣ። አባ ድንገት ግን እልልታውን አልጠበቀም። ከፈረሱ ወረደ፣ በቅል ከያዘው ውሃ የወደቀውን ሰው ፊት አጠበው፣ በራሱ ፈረስ ላይ አስቀመጠውና ልጓሙን እየሳበ በእግሩ እስከ ማዶዎቹ ድረስ ወሰደላቸው። መምህርቷ ይህን አየች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ማየቷ ይቅርና ማን እንዳሸነፈ እንኳ ተማሪዎቿን ጠይቃ ነው የሰማችው።

አባ ድንገት ሚስቱ የሞተችበት መምህርቷ ከመምጣቷ አስቀድሞ ነበር፤ ልጅም አልነበረውም። ትምህርት ቤቱ ከመንደሩ በላይ በኮረብታው ራስ ላይ ነው፤ ወንዙ ከመንደሩ በታች ነው። ጠዋት ጠዋት ፈረሱን ውሃ ሊያጠጣ ሲወጣ በትምህርት ቤቱ በር ያልፍ ነበር። ኮፍያውን ያነሣና «እንደምን አደርሽ፣ መምህርት?» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ?» ትላለች። «ፈረሴን ውሃ ላጠጣ ነው» ይላል። «ይቅናዎት» ትላለች። ይኸው ነው። ይህ ንግግር ሳይጨመርበትም ሳይቀነስለትም ዓመታት ቆየ። አንድ ቀን ሳይመጣ የቀረ እንደሆነ ተማሪዎቿ ያን ቀን የቤት ሥራ ይበዛባቸው ነበር።

አንድ ክረምት የትምህርት ቤቱን ወንበሮች ሊጠግን አንድ አናጺ መጣ። መምህርቷ ሥራውን ሲጨርስ ጠብቃ፣ በክፍሏ ግድግዳ ላይ አንድ የወይራ ኩላብ እንዲተክልላት ለመነችው። እትዬ ሙላቷ የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው ከተፍ አሉ።

«ምንሽን ልትሰቅይበት ነው፣ ልጄ?»

መምህርቷ ደነገጠች። «ጃንጥላዬን» አለች።

ጃንጥላው ግን ከበሩ ጀርባ እንደቆመ ቀረ። ኩላቡም ባዶውን ኖረ። እትዬ ሙላቷ አልፎ አልፎ ገብተው ግድግዳውን ያዩና «ጃንጥላሽ ከፍታ ይፈራል መሰለኝ» ይሉ ነበር። መምህርቷ ታፍርና ሌላ ወሬ ትጀምራለች። ስትተኛ ግን የመጨረሻ የምታየው ነገር ያ ኩላብ ነበር። የማይሆን ነገር እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ እሷ የውጭ ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነገ የምትዛወር፤ እሱ የአገሩ ስም። ደግሞስ ሴት ልጅ እንዴት ብላ ትጠይቃለች? ስለዚህ ዝም አለች። ዝምታውም ደስ የሚል ዝምታ ነበር፤ እንደ ሕመም አልቆጠረችውም።

ያ ክንድ ግን መድከሙ አልቀረም። አንድ ጥምቀት አባ ድንገት አሳድዶ ሲወረውር ዘንጉ ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ከራሱ ፈረስ ኮቴ ሥር ወደቀ።  ከማዶ በኩል አንዱ ጮኸ፦

«አባ ድንገት! ዘንግዎ ደከማት እንዴ? ቁጭ ብላ ትረፍ!»

ማዶዎቹ ሳቁ። አባ ድንገትም ሳቀና «ነፋሱ ነው» አለ። ነፋስ አልነበረም። መምህርቷ ከዚያ በኋላ ውሃ ሲጠጣ ቅሉን በግራ እጁ እንዳነሣ አየች። ያን ዓመት ተሸነፉ፤ በዓመቱም ተሸነፉ።

በማዶ መንደር አንድ ባለጸጋ ነበረ። የወንድሙ ልጅ ብርቱ ወጣት ነው፤ ዘንግ ሲወረውር ከመስኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ያደርሳል ይባልለት ነበር። ይህ ወጣት የአባ ድንገትን መንደር የፈረሰኞች አለቃ ሴት ልጅ ይወድ ነበር። ባለጸጋው ይህን አወቀና ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹም መጥተው እንዲህ አሉ፦

«ልጁ ይምጣላችሁ፤ ልጃችሁ ኩላብ ታስተክልለት። እናንተ ደግሞ አባ ድንገትን ስጡን። ባለጸጋው ባሏ የሞተባት እህት አለችው፤ ቤትም መሬትም አላት፤ እሷ ጋ ጋሻውን ይሰቅላል።»

አለቃው ሐቀኛ ሰው ነበሩ። «አልደብቃችሁም፣ ክንዱ ደክሟል» አሉ።

«ስሙ አልደከመም» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ስሙን ሰምቶ ብቻ ስንቱ ከፈረሱ ይወርዳል። ባለጸጋው ደግሞ ስም ያለው ሰው በግብዣው ላይ መቀመጡን ይወዳል።»

የመንደሩ ሰዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሊመክሩ ተቀመጡ። አባ ድንገት ግን አልተጠራም። ጠልተውት እንዳይመስልህ። እጅግ ስለሚያከብሩት ነው። ፊቱን እያዩ «አርጅተሃል» ማለት ለማናቸውም አልተቻለም። ይሉኝታ ያዛቸው። ሁሉን ጨርሰው ውሉን ካጻፉ በኋላ ንስሐ አባቱ በዘዴ ይነግሩታል ብለው ተስማሙ፤ ንስሐ አባቱ ደግሞ ይህን ሲሰሙ ጢማቸውን እያሻሹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከቱ። የውል ጸሐፊ ያስፈልግ ስለነበር የእጅ ጽሕፈቷ የሚያምረው መምህርት ተጠራች። እትዬ ሙላቷን የጠራቸው የለም፤ እሳቸው መጡ።

መምህርቷ ለምን እንደተጠራች የሰማችው ወረቀቱን ከፊቷ ካስቀመጡላት በኋላ ነው። እስክሪብቶዋን ይዛ አቀርቅራ ተቀመጠች። ሰዎቹ ከላይዋ ይከራከሩ ነበር።

«ወጣቱን እንውሰድ። ዘንግ የሚወረውረው ክንድ ነው፤ ስም አይወረውርም» አለ አንዱ።

«ስንት ዓመት ያበላህን በሬ…» ብሎ ሌላው ጀመረ።

«ሰውዬውን በሬ አታድርገው!»

«እኔ ምን አልሁ? ለምሳሌ ነው።»

«ምሳሌህ ቀንድ አለው።»

ተሳሳቁ። ሦስተኛው ሰው ረጋ ብሎ «ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። እዚህ ምን የሚይዘው ነገር አለ? እዚያ ቤት ያገኛል፤ ለሱም ይሻለዋል» አለ። ይህ ለሁሉም ልክ መሰላቸው። ለራሱ ለሰውዬው መልካም እያደረጉለት እንደሆነ ሲያስቡ ፊታቸው ፈካ።

አለቃው ወደ መምህርቷ ዞረው «እንግዲህ ጻፊ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ አባ ድንገት የማዶ መንደር ሰው…»

መምህርቷ መጻፍ ጀመረች። «አባ» ብላ ጻፈች። ከዚያ እጇ ቆመ። ለተማሪዎቿ በየቀኑ የምትነግራቸውን ነገር ሳታስበው አደረገችው፤ መናገር የፈለገ ሰው እጁን ያወጣል ብላ አይደል የምታስተምር፣ በሽማግሌዎቹ መካከል ግራ እጇን ወደ ላይ አወጣች።

ሰዎቹ ግራ ገባቸው። «ምነው መምህርት? ቀለሙ አለቀ?» አሉ አለቃው።

ነጠላዋን ወደ አፏ ልትወስድ ስትል በአንድ እጇ እስክሪብቶ፣ በሌላው እጇ አየሩን ይዛለች፤ አፏን የምትሸፍንበት እጅ አጣች። ስለዚህ ተናገረች።

«እሳቸው አልተጠየቁም።»

«እንዴት ብለን እንጠይቀው?» አሉ አለቃው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አባ ድንገት ሆይ፣ አርጅተሃልና በሰው ልንለውጥህ ነው፣ ምን ትላለህ እንበለው? አንቺ ትይዋለሽ?»

 መምህርቷ «እኔም አልጠየቅኋቸውም» አለች።

ይህን ማንም አልገባውም። ጸሐፊ ባለጉዳይን ምን ብላ ትጠይቃለች? ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከጀርባ የቆሙት እትዬ ሙላቷ ብቻ በእጃቸው ደረታቸውን መቱና «ጃንጥላው!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

መምህርቷ እስክሪብቶውን በወረቀቱ ላይ አስቀመጠች፣ ተነሣች፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄደች። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከአጥሩ ስታልፍ ግን በሩጫ።

አባ ድንገት ከወንዙ ዳር ፈረሱን በሣር እየፈተገ ነበር። ስትመጣ አይቶ ኮፍያውን አነሣ። እሑድ ነው፣ ቦታውም ትምህርት ቤት አይደለም፤ ስለዚህ የተለመደው ንግግር አልመጣለትም።

«መምህርት! ትምህርት ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

እሷም የሮጠችበት ትንፋሽ ሳይመለስላት ሁሉን በአንድ ጊዜ ተናገረች። «ለማዶዎቹ ሊሰጡዎት ነው። በእርስዎ ምትክ ወጣቱን ሊያመጡ ነው። ከሩቅ ሆነው ስለእርስዎ ይመክራሉ እንጂ ክፉ አላሰቡም፤ አፍረው ነው። ውሉን ጻፊ አሉኝ፤ አልጻፍሁም። ‹አባ› ብቻ ጽፌ ተውሁት። መሄድ ይፈልጋሉ ወይ ብዬ ልጠይቅዎ መጣሁ።»

ይቆጣል ብላ ፈርታ ነበር። ያዝናል ብላ ይበልጥ ፈርታ ነበር። እሱ ግን ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍስ ተነፈሰ።

«ጠየቅሽኝ» አለ። «የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ስንት ጥምቀት አለፈ። ይህች ትከሻ ዘንግ ማንሣት ካቆመች ቆይታለች። በዚህ ጎኔ መተኛት ትቻለሁ። መወርወር ልተው ብል መንደሩን ከዳ ይሉኛል ብዬ አፈርሁ። እነሱ ደግሞ አርጅተሃል ማለት አፈሩ። ይኸው እኔ እያመመኝ ስወረውር፣ እነሱ እየከፋቸው ሲያጨበጭቡ ኖርን።» ሳቀ። ሲስቅ ከአንገቱ በታች ያለው ሰውነቱ ሁሉ አብሮ ሳቀ።

«ታዲያ ይሄዳሉ?» አለች።

«ለመወርወር ከሆነ የትም አልሄድም። ግራ እጄ ግን ጋሻ ይችላል። ለወጣቶቹ ከኋላ ሆኜ ብመክትላቸው አሁንም እጠቅማለሁ። እንዲህ አድርጉልኝ ብዬ መለመን ግን አልሆነልኝም።»

«ባለጸጋው እህት አለችው ይላሉ» አለች መምህርቷ፤ ይህን ስትል ወንዙን ነበር የምታየው። «ቤትም መሬትም አላት።»

አባ ድንገት የፈረሱን ጋማ በጣቱ ማበጠር ጀመረ። ከዚያ «መምህርት፣ ትምህርት ቤቱ የት ነው ያለው?» አላት።

«ከመንደሩ በላይ።»

«ወንዙስ?»

«ከመንደሩ በታች…» አለችና አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ለልጆቹ ላይና ታችን፣ ምሥራቅና ምዕራብን ያስተማረች እሷ ናት። ውሃ የሚጠጣ ፈረስ ኮረብታ ለምን ይወጣል ብላ ግን አንድ ቀን አስባ አታውቅም። የሚያስደስትን ነገር ለምን መጣ ብሎ ማን ይመረምረዋል?

«ይህ ምስኪን» አለ አባ ድንገት የፈረሱን አንገት መታ መታ እያደረገ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ጠዋት ጠዋት ዳገት ወጥቶ ነው ቁልቁል ወርዶ ውሃ የሚጠጣው። አንድ ቀን እሱ ራሱ አፍ አውጥቶ ይጠይቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ፤ እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ዘንግ ወርዋሪ፤ ምን ብዬ ልናገር?»

መምህርቷ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ከዚያ መልሳ አወረደችው።

«ቤቴ ኩላብ አለ» አለች።

«ሰምቻለሁ» አለ እሱ። «እትዬ ሙላቷ ለጃንጥላ ነው ብለው ለአገሩ ሁሉ ነግረዋል።»

«ጃንጥላው ከበሩ ጀርባ ነው» አለች መምህርቷ።

ይህን ብቻ ነው ያለችው። በሕይወቷ ከተናገረችው ሁሉ ረጅሙ ንግግር ግን ይህ ነበር።

አብረው ዳገቱን ወጡ። አባ ድንገት በአጥሩ ሥር ወደተሰበሰቡት ሰዎች ገብቶ «ትከሻዬ ሞታለች፤ እንኳን ተሰበሰባችሁ፣ እንቅበራት» አላቸው።  መጀመሪያ አለቃው ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ አውቄ ነበር፣ አይቼ ነበር፣ ግን አፍሬ ነበር ማለት ጀመረ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ሁሉም ከሌላው ሲደብቅ ኖሯል። ውሉን ሊቀበሉ መጥተው ከአጥሩ ውጭ ይጠብቁ የነበሩት የማዶ ሽማግሌዎች «የእኛ ነገርስ?» ቢሉ፣ እትዬ ሙላቷ «ልጁን ጠይቁት እንጂ! እዚያ በቅሏችሁን ይዞ ቆሞ የለም?» አሉ። ወጣቱ ተጠራ። ፊቱ ቲማቲም መስሎ «እኔ በአባ ድንገት ብትለውጡኝም ባትለውጡኝም መምጣቴ አይቀርም። የምመጣው ለልጅቷ ነው» አለ። የአለቃው ልጅ ከሴቶቹ መካከል ሆና ይህን ሰምታ ሸሸች፤ ግን ሩቅ አልሸሸችም። በኋላ እንደተሰማው ደግሞ የባለጸጋው እህት ነገሩ ሲነገራት «ለፈረስ ጨዋታ ብሎ የሚመጣ ባል ምን ያደርግልኛል? ማን ጠየቀኝ?» ብላ ወንድሟን ተቆጥታዋለች።

ወረቀቱን መምህርቷ አጣጥፋ ወሰደችው። ከ«አባ» በቀር ምንም አልተጻፈበትም ነበር።

በዚያ ዓመት አሸነፉ ብዬ እንድጨርስልህ ጠብቀህ ይሆናል። አላሸነፉም። ወጣቱ በአጎቱ ወገን ላይ ዘንግ ሲያነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ሰማዩን መታው። ነገር ግን ሲሸሹ አባ ድንገት ከኋላቸው ነበር። ጋሻውን በግራ እጁ ይዞ ከማዶ የሚመጣውን ዘንግ ሁሉ ከወጣቶቹ ጀርባ ላይ ይመልስ ነበር። ከእሱ ወገን ከፈረሱ የወደቀ አልነበረም። ማዶዎቹ እየጨፈሩ ሄዱ፤ እነዚህም ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። ያኮረፉት አለቃው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም እራት ሲቀርብ ረሱት። በሚቀጥለው ዓመት የሆነውን ሌላ ቀን እነግርሃለሁ ብዬ አላጓጓህም፤ አንዱን ዓመት አሸነፉ፣ ሌላውን ተሸነፉ፣ እንደ ሰው ኖሩ።

አሁን ወደኔ ዞር በል።

አንተ የመጣኸው እንስጠው ወይስ እናቆየው ብለህ ነው። ያረጀ አይሰጥም አላልሁህም። ምናልባት የእናንተ ሰው ደክሞታል፤ ምናልባት የዚያኛው ከተማ ቡድን የሚመቸው ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት እንደ አባ ድንገት ሌላ ሥራ ስጡኝ ሊል ፈልጎ አፍሯል። እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም። እናንተ በቢሯችሁ ተሰብስባችሁ ክንዱን ስትመዝኑ፣ እሱ ሜዳ ላይ ሆኖ ክንዱን እያሸ ነው። ያ ቢሮ የኛ የቤተ ክርስቲያን አጥር ነው፤ ያ ሜዳ ወንዙ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቁልቁለት አጭር ነው፤ ረጅም የሚያደርገው ማፈራችሁ ነው። ስላከበራችሁት ደብቃችሁታል፤ እሱም ስላከበራችሁ ደብቋችኋል፤ ይህ መከባበር ሁላችሁንም እያሳመመ ነው። ወጣቱንም ጠይቁት፤ የሚመጣበት ምክንያት እናንተ እንደምታስቡት ላይሆን ይችላል። ከመካከላችሁም ስለዚያ ሰው አንድ ነገር በሆዱ ይዞ፣ ሲጠይቁት «ለጃንጥላ ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። እጁን እስኪያወጣ አትጠብቁት፤ እሱንም ጠይቁት።

እኔ የተማርሁ ነኝ ብዬ ሌላውን ሁሉ ተማርሁ፤ ይህን አንዱን ግን እስከዚያ እሑድ ድረስ አልተማርሁትም ነበር።

ሴትየዋ ማን ናት ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ አሁንም አፍራለሁ። ስትገባ ግን ከግድግዳው ላይ ያየኸው ጋሻ ከምን ላይ እንደተሰቀለ ልብ ብለህ ካላየኸው፣ ስትወጣ እየው። ወይራ ነው። ጃንጥላውን ከፈለግህ ከበሩ ጀርባ አለ፤ ደመናው ከብዷል፤ ያዘውና ልምምዳቸው ሳያልቅ ሰውዬውን ድረስበት።